ክሮሞሶሙ እጥፍ፣ መልኩ አንድ፦ ምን ብዬ ልመድበው?

ሥር ጫፍ (ይህን የውይይት ክር የከፈተች)
ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ለመመረቂያ ሥራዬ ከሱፍ አበባ ቤተሰብ የሆነች አንዲት ትንሽ ተክል ይዣለሁ። የጂነሷን (የቅርብ ዘመዶቿን ወገን) ስም አልጠራም፤ ጽሑፉ ገና አልወጣም፣ አማካሪዬም እዚህ ብቅ ሳይሉ አይቀሩም። ከ11 ቦታ የሰበሰብኩትን በጣሳ ተክዬ አሳደግኩና በሥር ጫፎቻቸው ሴሎች ውስጥ ያሉትን ክሮሞሶሞች ቆጠርኩ። የሰባቱ ቦታ ተክሎች 18 ክሮሞሶም፣ የአራቱ 36። ቁልጭ ያለ እጥፍ። መሃል ላይ 27 የሚል አንድም አላገኘሁም።

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጣሳዎቹን ምልክት ሸፍኜ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና የላብ ጓደኛዬን «በሁለት ክፈልልኝ» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ዞራቸው። ዕጣ ቢያወጣ ከዚያ የባሰ አይስትም ነበር። እኔም የቅጠል ርዝመትና ስፋት፣ የጠርዙ ጥርስ፣ ጸጉሩ፣ አበባዋን ከሥር የሚያቅፉት ትንንሽ ቅጠሎች ብዛት፣ የፍሬዋ ቅርጽ፣ ብቻ 22 መለኪያ ወስጄ ኮምፒውተር ላይ ስዘረጋው ሁሉም አንድ ደመና ሆነ።

ዲኤንኤውም አልገላገለኝም። አይቲኤስ በሚባለው ክፍል ሦስት ፊደል ይለያያሉ፤ ከክሎሮፕላስት (የራሱ ዲኤንኤ ካለው አረንጓዴው የሴል ክፍል) ያነበብኩት ግን ምንም ልዩነት የለውም።

አማካሪዬ «በዓይን ካልተለየ ዝርያ አይባልም» ይላሉ። ጓደኛዬ ደግሞ «18 ከ36 ጋር ተዳቅሎ ዘር አይቀጥልም፣ ስለዚህ ሁለት ዝርያ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። እናንተስ?


ተጠራጣሪ

ስንት ሴል ቆጥረሽ ነው? አንድ ቆንጆ ሴል አግኝተሽ «36» ካልሽ እኔ ገና አላመንኩም።


ስላይድ

አነጋገሩ ቢቆጠቁጥም ተጠራጣሪ ልክ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሥር ስጨፈልቅ ስለኖርኩ ትንሽ ላውራ።

ሥሩ በደንብ ሲያድግ ጠዋት ላይ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ጫፉን ትቆርጫለሽ። ኮልቺሲን ወይም 8-ሃይድሮክሲኩዊኖሊን ውስጥ ጥቂት ሰዓት ታቆዪዋለሽ፤ ክሮሞሶሞቹን ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱት ክሮች ስለሚፈርሱ ሴሉ ክፍፍሉን ሳይጨርስ፣ ክሮሞሶሞቹ ወፍረውና አጥረው እንዳሉ ይቆማል። ከዚያ ሦስት እጅ አልኮል በአንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ሴሉን ባለበት ያጸናዋል፣ 60 ዲግሪ የሞቀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ቀለም። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይነግርሻል። መጽሐፍ የማይነግርሽ አውራ ጣትሽን ነው። በሽፋን መስታወቱ ላይ ቀጥ አድርገሽ ካልተጫንሽ፣ ትንሽ ወደ ጎን ከተንሸራተተ፣ ሴሎቹ ይጠቀለሉና ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ከላላ ደግሞ ክሮሞሶሞቹ ተደራርበው ይቀራሉ፤ ሁለቱን አንድ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ።

እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ 2ኤን=20 (በአንድ ሴል 20 ክሮሞሶም) ብዬ በኩራት መዝገብ ላይ አስፍሬ ነበር። ኃላፊዬ አጎንብሰው አዩና «ሁለቱ ክሮሞሶም አይደሉም፣ ጫፎች ናቸው» አሉኝ። አንዳንድ ክሮሞሶም አንገቱ ቀጭን ነው፤ ሲጨፈለቅ አንገቱ ይለጠጥና ቁራጩ ብቻውን የቆመ ይመስላል። እውነተኛው ቁጥር 18 ነበር። በእርሳስ ያልጻፍኩት ያን ቀን ቆጨኝ።

በቁጥር መሳት የተክል ሰው ብቻ ዕጣ እንዳይመስልሽ። የሰው ልጅ ክሮሞሶም እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ 48 ነው ሲባል ኖሯል። 46 መሆኑን ያሳዩት ቲዮና ሌቫን ናቸው። ሌቫን ደግሞ ከሽንኩርት ሥር ጋር ዕድሜውን የፈጀ የተክል ክሮሞሶም ሰው ነበር፣ ኮልቺሲኑንም ከዚያው ይዞት የመጣ። ይቺን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሁለት ነገር ደግሞ ፈትሺ። ከጫፉ ራቅ ያለ የሥር ሴል ሳይከፈል ዲኤንኤውን አጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ከቆጠርሽ የሌለ እጥፍ ታገኛለሽ። ሌላው «ቢ ክሮሞሶም» የሚባሉት ናቸው። በበቆሎ ላይ መደበኛው 20 ሆኖ ሳለ አንዳንዱ ግለሰብ ተክል ተጨማሪ ትንንሽ ክሮሞሶሞች ይዞ ይገኛል፤ ጎረቤቱ ላይ የሉም። እነሱ የዝርያ ምልክት አይሆኑም።


ሥር ጫፍ

ከየቦታው 3 ተክል፣ ከየተክሉ 10 ሴል ቆጥሬያለሁ። 36 ያሉት በሁሉም ሴል 36 ናቸው፣ ስለዚህ የታጠፈ ሴል ጉዳይ አይመስለኝም። ክሮሞሶም ሲበዛ ሴሉ ይተልቃል ስለሚባል ጠባቂ ሴሎቹንም ለካሁ (የቅጠሉን ቀዳዳ ከሁለት ወገን የሚዘጉትን)። የባለ 36ቶቹ በአማካይ ረዘም ይላሉ፣ ግን ትልቁ ባለ 18 ከትንሹ ባለ 36 ይበልጣል።


ተጠራጣሪ

እሺ፣ አምኛለሁ።


የደረቀ ቅጠል

ልጄ፣ እኔ የደረቀ ተክል ሳገላብጥ የሸበትኩ ሰው ስለሆንኩ ወገንተኝነቴን ቀድመሽ እወቂ።

ስም የሚሰጠው እንዲጠራበት ነው። ዱር ውስጥ አጉሊ መነጽር በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው «ይህ እገሌ ነው» ማለት ካልቻለ፣ ስሙ ለማን ነው? በሰሜን አሜሪካ በረሃዎች ላሪያ ትራይደንታታ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። በቺዋዋ በረሃ 26፣ በሶኖራ 52፣ በሞሃቪ 78 ክሮሞሶም አለው። ሦስት በረሃ፣ ሦስት ቁጥር። እስካሁን በአንድ ስም ይጠራል፤ ማንም አልሞተም።

መልክ ያታልላል የሚሉኝ አሉ። አዎ ያታልላል። የእኛው ቋንቋ እንኳ ተታሏል፦ ቁልቋል የምንለውን ስም ለዩፎርቢያውም ከአሜሪካ ለመጣው ካክተስም እንሰጣለን። ሁለቱም ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ቅጠል አልባ፣ እሾሃም ናቸው። ዝምድናቸው ግን የሩቅ ሩቅ ነው፤ አንድ ያደረጋቸው ድርቅ ነው። ነገር ግን አንዱን ቧጨር አድርጊው፦ ዩፎርቢያው ነጭ ወተት ያፈሳል። የካክተሱን እሾህ ጠጋ ብለሽ እዪ፦ እሾሁ የሚወጣው ጨርቅ ከመሰለች ትንሽ ትራስ ላይ ነው፣ ዩፎርቢያው ላይ ያቺ ትራስ የለችም። አበባማ ሲመጣ ነገሩ ያበቃል። እኔ የምለው መልክ ውሸታም አይደለም ነው፤ ውሸታም የሚሆነው ከሩቅ ሲታይ ነው።

ግራርም እንዲሁ። አንድ ጂነስ ነበር፤ ሲበታተን ዓለም ተጣላበት። በ2005 ቪየና ላይ የተሰበሰቡት የተክል ስም ሕግ ሰዎች «አካሺያ» የሚለው ስም ከ1000 በላይ ዝርያ ላለው ለአውስትራሊያው ወገን ይሁን አሉ፤ በ2011 ሜልቦርን ላይ ጸና። የአፍሪካዎቹ አብዛኞቹ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ተባሉ። ለብዙ ሰው ይህ የዲኤንኤ ግፍ መሰለው። እሾሁን ያየ ሰው ግን ቀድሞም ያውቀው ነበር፦ ቫቼሊያ ከቅጠሉ ግርጌ ጥንድ ጥንድ የሆነ ቀጥ ያለ እሾህ አለው፣ ሴኔጋሊያ ደግሞ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ። አበባውም የመጀመሪያው ባብዛኛው ክብ ኳስ፣ የሁለተኛው ረዘም ያለ ዘለላ ነው።

አንድ ጥያቄ፦ ተክሎችሽን በአንድ አፈር፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ ብርሃን ነው ያሳደግሻቸው? ክላውሰን፣ ኬክና ሂሲ የሚባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ አንዱን ተክል ሦስት ቦታ ቆራርጠው ከባሕር አጠገብ፣ ከተራራ ወገብና 3000 ሜትር ላይ ተከሉት። ያው ተክል፣ ያው ዲኤንኤ፣ አንዱ ቦታ ረጃጅም፣ ሌላው ቦታ ድንክ። ቁመቱን ለክቶ ሁለት ዝርያ ያለ ሰው በራሱ ላይ በሳቀ ነበር። ደግሞ ከየቦታው የመጡትን ጎን ለጎን ሲተክሏቸው ልዩነታቸው ያልጠፋ ነበሩ፤ እሱ ነው የዘር ልዩነት። ከነሱ በፊት በ1922 ስዊድናዊው ቱሬሶን ለእንዲህ ያሉት «ኢኮታይፕ» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር።


አራቱ ፊደላት

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የደረቀ ወረቀት ላይ አጎንብሶ መፍረድ 250 ዓመት ተሞክሯል። የተክል መዳቢው ሊኔየስ በ1753 ተክሉን ሁሉ በዋናነት በአበባው የወንዴ አካላት ቁጥር 24 መደብ ውስጥ ጠቀጠቀው። ለመቁጠር ይመቻል፣ ለዝምድና ግን ምንም አይናገርም። የሚቆጠር ነገር ሁሉ ዝምድና ይናገራል ብሎ ማሰብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚከተለን በሽታ ነው፤ የክሮሞሶም ቁጥርም ከዚያው መደብ ነው።

ኔሉምቦን ተመልከቱ፣ ቅዱስ ሎተስ የሚባለውን። ውሃ ላይ ይኖራል፣ ክብ ትልቅ ቅጠል አለው፣ አበባው የውሃ አበባን ይመስላል። ከውሃ አበባ ጋር መመደቡ ለማንም አይደንቅም ነበር። ዲኤንኤው ሲነበብ ዘመዶቹ እነማን ሆነው ተገኙ? ፕላታነስ የሚባለው ትልቅ ዛፍና ፕሮቲያ የሚባለው ቁጥቋጦ። በዓይን ብቻ ይህን እደርስበት ነበር የሚል እጁን ያውጣ።

የባለ አበባ ተክሎች ምደባ በ1998 ኤፒጂ በሚባለው ቡድን ዲኤንኤን መሠረት አድርጎ እንደ አዲስ ወጣ። በ2003፣ በ2009ና በ2016 ታደሰ፤ የመጨረሻው 416 ቤተሰብ ይዟል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ብዙ ዲኤንኤ አንብቢ። ሦስት ፊደል ላይ ቁጭ ብለሽ አትጨቃጨቂ።


ብናኝ

አራቱ ፊደላት፣ ሎተሱ ትክክል ነው። ግን የቤተሰብ ጥያቄና የዝርያ ጥያቄ አንድ አይደለም። ሎተስን ከውሃ አበባ የለየ ዲኤንኤ ሁለት እህትማማች ተክሎችን ሲለይ ይደናበራል። በ2009 ለተክሎች መለያ ባርኮድ ተብለው የተመረጡት ሁለቱ የክሎሮፕላስት ጂኖች፣ አርቢሲኤልና ማትኬ፣ በወቅቱ ሲፈተኑ ከ100 ዝርያ 72 ገደማውን ብቻ ነው ለይተው ያወቁት። ለእንስሳት የሚሠራው የሚቶኮንድሪያ ባርኮድ ደግሞ ለተክል አይሆንም፤ የተክል ሚቶኮንድሪያ ፊደሉን የሚቀይረው እንደ ቀንድ አውጣ ነው።

ክሎሮፕላስቷ አንድ መሆኗም ለእህታችን ብዙ አይነግራትም። ክሎሮፕላስት የሚተላለፈው ከእናት ነው። የአባትን ወገን ታሪክ ጭራሽ አያውቅም።


የጥድ ልጅ

በአብዛኞቹ ባለ አበባ ተክሎች ላይ በዪ። በጥድ ወገኖች ከአባት በብናኙ ይተላለፋል።


ብናኝ

ልክ ነህ፣ ታርሟል።

ወደ ዋናው ልመለስ። ሥር ጫፍ፣ ማወቅ ያለብሽ 36ቱ ከየት እንደመጡ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፦ አንዱ ዝርያ ራሱን አጠፈ፣ 18 ሲደመር 18፣ ሁለቱም የራሱ። ሁለተኛው፦ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቀሉ፣ ድቅሉ መካን ሆነ፣ ከዚያ ክሮሞሶሙ ሲታጠፍ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ጥንዱን አገኘና ፍሬ ያዘ።

ሁለተኛው ሰዎች ዓይን ሥር ሆኗል። ትራጎፖጎን የሚባሉ ሦስት ዝርያዎች ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ ገቡ፣ እያንዳንዳቸው 12 ክሮሞሶም ነበራቸው። በ1950 ኦውንቢ የተባለ ተመራማሪ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች እንደተወለዱ አሳወቀ፤ 24 ክሮሞሶም ያላቸው፣ ከድቅል የመጡ። ወላጆቹ አገሩን ከረገጡ ገና ጥቂት አሥርት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ሩሲያዊው ካርፔቼንኮ ራዲሽን ከጎመን ጋር አዳቅሎ፣ 18 በ18፣ ባለ 36 ፍሬ የሚሰጥ ተክል አግኝቷል። የፍሬውን ሥዕል ያየ አይረሳውም፦ አንዱ ጫፉ ራዲሽ፣ ሌላው ጎመን። ካርፔቼንኮ ራሱ በ1941 በስታሊን ዘመን ታስሮ ተገደለ።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚታየው ብናኝ ሊሠራ የሚከፈለው ሴል ላይ ነው። ከድቅል የመጣ ከሆነ ክሮሞሶሞቹ ባብዛኛው ጨዋ ሆነው ሁለት ሁለት ይያያዛሉ። ራሱን ያጠፈ ከሆነ ግን አራት አንድ ዓይነት ስላሉ አንዳንዴ አራቱም ተቆላልፈው ታገኚያቸዋለሽ። ገና ያልፈካ እንቡጥ ክፈቺና እዪ። አይቲኤስን ግን ብዙ አትመኚው፤ ከድቅል በኋላ የአንዱ ወላጅ ቅጂ የሌላውን ውጦ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ከሁለት ወላጅ የመጣው ከአንድ የመጣ ይመስልሻል።


አንባቢ 7

ይቅርታ፣ ባለሙያ አይደለሁም። ብዙ ክሮሞሶም ያለው ይበልጥ የተራቀቀ ነው ማለት ነው? ባለ 36ዋ ከባለ 18ዋ ትበልጣለች?


ስላይድ

ኧረ በፍጹም። ኦፊዮግሎሰም ሬቲኩላተም የምትባል አንዲት ፈርን 1260 ክሮሞሶም ተቆጥሮላታል፤ ስታያት አንድ ቅጠልና አንድ ዘንግ ናት። በተቃራኒው ከሥር ጫፍ ተክል ቤተሰብ የሆነ ሃፕሎፓፐስ ግራሲሊስ የሚባል በ4 ክሮሞሶም ብቻ ይኖራል።


አራቱ ፊደላት

በዲኤንኤ መጠንም እንደዚያው ነው። በ2024 ክብረ ወሰኑን የያዘችው ከኒው ካሌዶኒያ የመጣች ትሜሲፕቴሪስ ኦብላንሴዮላታ የምትባል ትንሽ ፈርን ናት፤ 160 ቢሊዮን ፊደል፣ የሰውን 50 እጥፍ ገደማ። ጄንሊሲያ ቱቤሮሳ የምትባለው ነፍሳት በሊታ ደግሞ በ61 ሚሊዮን ትዘልቃለች። አብዛኛው ትርፍ ራሱን እየደጋገመ የቀዳ ክፍል ነው። ክብደት ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም።


ቃል መራጭ

ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩትና የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። «ዝርያ» እያላችሁ ሁላችሁም ስለ አንድ ነገር የምታወሩ መሰላችሁ እንዴ? ለዘር አምራች «አዲስ ዝርያ ወጣ» ሲባል ከአንዱ የስንዴ ዓይነት የተመረጠ ቫራይቲ ነው። ለሥር ጫፍ አማካሪ ዝርያ ማለት ስፒሽስ ነው። በአንድ ቃል ሁለት ደረጃ እየጠራን ከዚያ «ዝርያ ነው አይደለም» ብለን እንጣላለን።


የደረቀ ቅጠል

ይህ ወርቅ ነገር ነው፤ ምሳሌውም ደጃችን አለ። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ ሁሉም ብራሲካ ኦሌራሲያ ናቸው፣ ሁሉም 18 ክሮሞሶም። አንዱ ቅጠሉን ጠቅልሎ፣ አንዱ አበባውን አሳብጦ። ዱር ቢገኙ እኔ ራሴ ሦስት ስም ባወጣሁላቸው ነበር። (አዎ፣ አራቱ ፊደላት፣ ይቺን ልትይዝብኝ ትችላለህ።)


አራቱ ፊደላት

ይዤአለሁ ጋሼ 🙂


አበባ ወዳጅ

እኔ የምጠይቀው ዳንደላይን ስለሚባለው ቢጫ አበባ ነው። ያለ መዳቀል ዘር ያፈራል ይባላል። እንግዲህ «እርስ በርስ የሚራባ አንድ ዝርያ ነው» ካላችሁ፣ ከማንም ጋር የማይራባው ምን ሊሆን ነው? እያንዳንዱ ተክል የራሱ ዝርያ?


ብናኝ

ጥሩ ቦታ ነካሽ። 16 ክሮሞሶም ያላቸው ዳንደላይኖች በወንዴና በሴቴ ይራባሉ፤ 24 ያላቸው ግን አብዛኞቹ እናታቸውን ቀድተው ያለ አባት ዘር ያፈራሉ። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ሊቃውንት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዝርያዎች ብለው ስም ሲሰጡ፣ ሌሎቹ ሁሉንም ባንድ ላይ ያጉሯቸዋል። «እርስ በርስ የሚራባ» የሚለውን ትርጉም በ1942 ያስፋፋው ኧርነስት ማየር የወፍ ሰው ነበር። ወፍ ላይ ያምራል። ተክል ላይ ግን ዝርያው ከሌላ ዝርያ ይዳቀላል፣ ራሱን ያጥፋል፣ ወይ ጭራሽ መዳቀል ይተዋል።


የላብ ጓደኛ

እኔ ነኝ ያ «ድርቅ ያለው» ጓደኛዋ 😅 ሐሳቤን ላስረዳ። ባለ 18 የሚሰጠው ብናኝ 9 ይዞ፣ ባለ 36 የሚሰጠው 18 ይዞ ነው። ሲገናኙ 27። ያ ልጅ ሦስት ሦስት ክሮሞሶም ይዞ በትክክል መከፋፈል አይችልም፣ ስለዚህ መካን ነው። ከዚህ በላይ ግድግዳ የት አለ? መልካቸው ስለተመሳሰለ ግድግዳው ይጠፋል?


የደረቀ ቅጠል

ግድግዳ ስትል ግንብ ነው ወይስ አጥር? አዳቅላችሁ አይታችኋል?


የላብ ጓደኛ

...አላየንም ጋሼ።


ብናኝ

እንግዲያውስ ክርክሩን ትታችሁ አዳቅሉ። አንዳንዴ ባለ 27ቱ ጥቂት የሚሠራ ብናኝ ይሰጣሉ፣ አንዳንዴም ባለ 18 ተክል ሳይከፈል የቀረ 18 የያዘ ብናኝ ይልካል፣ እና ከባለ 36 ጋር ደህና አድርጎ ይወልዳል። ቻሜሪዮን አንጉስቲፎሊየም በሚባል ተክል ላይ 36ና 72 ያላቸው ጎን ለጎን ሲኖሩ መሃላቸው 54 ያላቸው ይገኛሉ። አጥሩ ቀዳዳ አለው።


ስላይድ

ከማዳቀልሽ በፊት አንድ ልመና። ከቆጠርሽው ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ቅርንጫፍ አድርቀሽ አስቀምጪ። ያለ ናሙና የተጻፈ ቁጥር ወሬ ነው። ስሙ በኋላ ቢለወጥ ማን ተመልሶ ያረጋግጠዋል?


ሥር ጫፍ

ያላሰብኩበትን ነገር ነካችሁኝ። ከ33ቱ ከ20ዎቹ አስቀምጫለሁ፣ የ13ቱ የለኝም። ነገ እቆርጣለሁ። እንቡጡንም እሞክራለሁ። በአንድ አፈር ላይ ነው ወይ ለተባለው፣ አዎ ጋሼ፣ ሁሉም አንድ አፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው።


ሥር ጫፍ
(ከአምስት ወር በኋላ)

ክሩ የሞተ ቢመስልም ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ነው።

መጀመሪያ እንቡጦቹ። ሁለት ሳምንት ያለፈ ደረጃ ወይ ያልደረሰ ደረጃ ላይ እያገኘኋቸው ተማረርኩ። ትክክለኛው እንቡጥ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የወንዴ አካሉ ገና ብርሃን የሚያሳልፍ ሳለ። ከዚያ አየሁት፦ ባለ 36ዎቹ ላይ በብዙ ሴሎች አራት ክሮሞሶሞች እንደ ሰንሰለት ወይም እንደ ቀለበት ተያይዘው። የድቅል ሳይሆን ራስን የማጠፍ ምልክት።

ማዳቀሉ፦ ከ18ና ከ36 ያገኘሁት ዘር አብዛኛው ባዶ ነበር፤ በጣት ስጫነው እንደ ገለባ እጥፍ ይላል። የበቀሉት አምስት ብቻ። አራቱ 27፣ አንዱ 36። ያቺን አንዷን ሳያት ብናኝን አስታወስኩ፣ ያለችው ቀዳዳ ይቺው ናት። የላብ ጓደኛዬ ስላይዱን ሦስት ጊዜ ቆጠረው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ዲኤንኤው ነው። አማካሪዬ ገንዘብ አግኝተውልኝ ከመላው ጂኖም (ከሙሉው ዲኤንኤ) ብዙ መቶ ቦታ አነበብን። ባለ 36ዎቹ አራቱ ቦታዎች በዝምድና ዛፉ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልተሰበሰቡም። ሁለቱ አጠገባቸው ካሉት ባለ 18 ተክሎች ጋር ተጎራብተው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ዛፉ ላይ ራቅ ብለው ከሌሎች ባለ 18ቶች ጋር ወጡ። ማለትም መታጠፉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ተከስቷል። ባለ 36ዎቹን በሙሉ «አዲስ ዝርያ» ብዬ ስም ባወጣላቸው ኖሮ፣ በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ልደት ያላቸውን እጠራ ነበር።

ስለዚህ አንድ ዝርያ፣ ሁለት የክሮሞሶም ደረጃ ብዬ ጻፍኩ።


የላብ ጓደኛ

ተሸንፌያለሁ። ግን ትራጎፖጎን ላይም ያው ዝርያ ብዙ ጊዜ ተወልዷል እየተባለ አንድ ስም ተሰጥቶት የለ? ያንን ማንም አልከለከለም።


ብናኝ

አዎ፣ ግን እዚያ እያንዳንዱ ልደት ከእነዚያው ሁለት ወላጆች ነው፣ ወጥቶም በመልኩ ከሁለቱም ይለያል። የእናንተው ከወላጁ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ነገ አንዱ ባለ 36 ተራራ ላይ ወጥቶ ሌላ መልክ ካወጣ ጥያቄው እንደገና ይከፈታል።


የደረቀ ቅጠል

ልጄ፣ ናሙናዎቹስ?


ሥር ጫፍ

33ቱም ደርቀው ወረቀት ላይ ተሰፍተዋል ጋሼ። የእያንዳንዱ መለያ ወረቀት ላይ ቁጥሩን፣ የቆጠርኩበትን ቀንና የስላይዱን ቁጥር ጽፌአለሁ። የበቀሉት አምስቱም ሲያብቡ ይደርቃሉ።


የደረቀ ቅጠል

በምን ጻፍሽው?


ሥር ጫፍ

በእርሳስ ነው ጋሼ። ስላይድ 20 ብሎ የጻፈውን አልረሳሁም።